የፋንታዬ ተረት መጨረሻ

ሰሞኑን አርባ ምንጭ ውስጥ ለወጣት ጸሐፊዎች ሥልጠና እንድሰጥ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አዳራሹ መግቢያ ላይ ለጌጥ ብለው አንድ የሸክላ እንስራ አስቀምጠዋል። ውኃ የለውም፤ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «እርስዎ ስለ ተገፉ ሰዎች መጻፍ እንዴት ጀመሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለመድኩትን መልስ ሰጠሁት፤ ስለ ንባብ ፍቅር፣ ለሰው ስለ ማዘን፣ ምናምን። አጨበጨቡልኝ። እንስራውን ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እውነቱ ሌላ ነው። ያደግኩት ከአርባ ምንጭ ብዙም በማይርቀው ላንቴ በሚባል የገጠር መንደር ነው፣ በሙዝ ማሳና በመስኖ ቦይ መሃል። ዝናብ ሲያባራ የሚሸተው የራሰ የሙዝ ቅጠል፣ መሬት ወድቆ የፈነዳ ማንጎ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከማሳው በላይ፣ ድንጋያማው ተዳፋት ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ይኖሩ ነበር። የሠሩት እንስራ ቤታችን ይገባል፣ እነሱ ግን አይገቡም። ሊሸጡ ሲመጡ ደጅ ይቆማሉ። ውኃ ከጠማቸው የሙዝ ቅጠል ታጥፎ በሱ ይንቆረቆርላቸዋል፤ ውኃው የሚቀዳው ደግሞ ከዚያው እነሱ ከሠሩት እንስራ ነው። በዚህ የተገረመ ሰው አላስታውስም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። እሁድ ሁላችን በጌታ አንድ ነን ብለን እንዘምራለን፣ ሰኞ ቅጠሉ ይታጠፋል።

ፋንታዬ የአንዷ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እግራችንን ቦዩ ውስጥ ነክረን፣ እናቷ ጭቃ እያቦካች የነገረቻትን ተረት በጋሞኛ ትነግረኛለች። እንደ እሷ የሚተርት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከሁሉ የምወደው ውኃ የጠማው ንጉሥ ተረት ነበር። ንጉሡ አደን ወጥቶ በጥም ሊሞት ሲል አንዲት ሸክላ ሠሪ ከእንስራዋ ታጠጣዋለች። ሲድን እንስራውን ወስዶ እልፍኙ ያስቀምጠዋል፣ እሷን ግን ከደጅ ይመልሳታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንስራው ውኃ አልይዝ አለ። ቢሞሉት ይፈስሳል፣ ቢደፍኑትም ይፈስሳል፤ የሌላ ዕቃ ውኃ ደግሞ የንጉሡን ጥም አልቆርጥ አለ። «ሴትዮዋ ትግባና በእጇ ትንካው» ብለው ቢመክሩትም ንጉሡ እሷን ከማስገባት ሞት ይሻላል ብሎ በጥም ሞተ።

የአማርኛ መምህራችን ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ተረቱን ሰምቶ በወላጆች ቀን እንድታቀርበው መረጣት። ትምህርት ቤቱን ረግጣ የማታውቀው እናቷ፣ «በሰው ፊት ስትናገሪ ካየሁሽማ ሸክላ አላስይዝሽም፣ እስከ መጨረሻው ትማሪያለሽ» ብላት ነበር። ይህን ፋንታዬ ራሷ ነገረችኝ።

በዋዜማው አማርኛዋን ላቃናላት እኛ ቤት ይዣት ገባሁ። እናቴ ገበያ ነበረች። ፋንታዬን ውኃ ጠማት፤ ሁላችን በምንጠጣበት ቅል ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጥታ ሳትጨርስ እናቴ ከች አለች። አልተቆጣችም፤ «አይዞሽ ልጄ፣ በርቺ» ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ቅሉን አንስታ ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው። ቀና ስል ፋንታዬ ደብተሯን ረስታ ኖሮ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። ደብተሯን ወስዳ ሄደች። «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ እናቴ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አንቺም ዝም በይ።»

በማግስቱ ፋንታዬ ግን መጣች፣ የታጠበ ዩኒፎርሟን ለብሳ። የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ መምህሩን ወደ ጥግ ወሰደው። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ግን ከነሱ ናት። ሽማግሌ ተቀምጦ እንዴት ከፊቱ ትቆማለች? ተረቱን ሌላ ልጅ ይናገረው» ሲለው ሰማሁ። መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለአገሩ አዲስ ነው፣ ብቻውን ነው። ወደ እኛ ዞሮ፣ «ተረቱን የሚያውቅ አለ?» አለ።

እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም።

ሽማግሌዎቹ ማንጎው ጥላ ሥር ተደርድረዋል፣ እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። የፋንታዬ እናት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነጠላዋን ታጠባብቃለች። ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን የሽማግሌዎቹን ፊት አየሁና ፈራሁ። ንጉሡን አላሞትኩትም። ለሴትዮዋ ወርቅ ሰጥቶ ከደጅ ሸኛት፣ እሷም መርቃው ደስ ብሏት ሄደች አልኩ። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለምኩ። ሰኞ ፋንታዬ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

የጸሐፊነቴ መነሻ ይኸው ነው። በተሸለምኩት ደብተር ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ያንን ተረት ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ከነወርቁ የመጀመሪያ መጽሐፌ ሆኖ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጨ። የድሆች ድምፅ አሉኝ። ዛሬ በሥልጠናው አዳራሽ ሁሉም የየራሱን የታሸገ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። የሚጋሩት ቅል ስለሌለ የሚሰብርም የለም። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ግን «የማን ልጅ ናት?» አሁንም ይጠየቃል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼም አልረሳሁም፤ ዳሩ ሄጄ ካልጠየቅኳት አለመርሳቴ ምን ያደርግላታል? ሥልጠናው ባለቀ ማግስት፣ ምዕራብ ዓባያ መንገድ ዳር ሸክላ እንደምትሸጥ ሰምቼ ሄድኩ። ገና ከሩቅ አወቀችኝ። በርጩማዋን ለቃልኝ እሷ መሬት ተቀመጠች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መጽሐፍሽን አየሁት። ልጄ ከትምህርት ቤት አመጣችው» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ተረቱን እናቴ እንደነገረችኝ አድርጌ ነገርኳት። ‹እማዬ ተሳስተሻል፣ ንጉሡ አልሞተም፣ ወርቅ ነው የሰጣት› ብላ ገጹን ገልጣ አሳየችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? መጽሐፍ ነው እኮ። ረስቼው ይሆናል አልኳት።»

ያኔ ፋንታዬን በሰው ፊት እንዳትናገር የከለከሏት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጇ ፊት ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።