ጥዱና አጥንት የለሿ

ልጅ ሳለሁ የሉማሜ ልጆች ሁሉ የጅብና የቀበሮ ተረት ሲሰሙ እኔ የምሰማው የባሕር ነበር፤ ያሳደጉኝ አያቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ስለነበሩ ሌላ ተረት አይሆንላቸውም። ጎረቤቱ ግን አያምናቸውም። «ራስም አጥንትም የሌለው እንስሳ? ወይ እኒህ ሰውዬ!» እያለ ይስቅባቸው ስለነበር ያኔ የቀራቸው ሰሚ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ከሳቸው ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ እናቴ ለሥራ ቤሩት የሄደችው ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው።

ማታ ማታ የጥድ ፍልጡ እሳት ውስጥ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ በኩራዙ ብርሃን የፊታቸው ግማሽ ብቻ እየታየኝ ስለ ጥድና ስለ ጄሊፊሽ ያወሩልኝ ነበር። ጄሊፊሽ ማለት የተልባ ልጋግ ነፍስ ዘርቶ ሲዋኝ ነው አሉኝ፤ ያን ዓመት በጾም ተልባ አልጠጣም ብዬ ቤቱን አስቸገርኩ። የደጋ ጥድና የባሕር ፍጥረት የት ተገናኙ ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ «በተረት ነዋ!» ብለው ይቆጡኛል።

በተረቱ ጥዱ ጄሊፊሿን «እግርሽን አውሺኝ፤ መጥረቢያ ሲመጣ እንኳ መሸሽ አልችል» ይላታል። እሷም «እግር ከየት አባቴ ላምጣ? ማዕበሉ ነው የሚወስደኝ፤ ይልቅ አንተ ሥርህን አውሰኝ» ትለዋለች።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ማዕበል መጣና ወሰዳት።»

«ተመለሰች?»

እሳቱን ቆሰቆሱ። የጠየቅኩት ስለ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። «እናትሽ ሰው ናት ልጄ፣ አጥንት አላት። ትመጣለች» አሉኝ። እኔ ግን ብቻውን ለቀረው ጥድ አለቀስኩ።

እናቴ የመጣችው አያቴ ካረፉ፣ እኔም ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። በመጣች ሰሞን ተረቱን ስነግራት ሳቀች። «ጄሊፊሽማ አውቃለሁ። የምሠራላት ሴትዮ ልጆቿን ይዛ ባሕር ስትወርድ አሸዋው ላይ ወድቀው አገኛቸዋለሁ። በልጆቹ መጫወቻ አካፋ እየዛቅሁ ወደ ውኃው እመልሳቸው ነበር።»

«ለምን?»

«እንጃ። የሚመልሳቸው ሰው አልነበረማ።»

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አብረን እንኖራለን። አያቴ እናቴ እንደምትመጣ እንጂ ከመጣች በኋላ ስለሚሆነው አልነገሩኝም፤ ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም ነበር። እራት ስናቀርብ እናቴ ሳህኗን ይዛ የማድቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ በሰው ቤት የለመደችው እንደዚያ ነው። አጠገቤ ሆናም ትናፍቀኛለች።

«እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ እንጂ» እላታለሁ።

«እሺ» ትለኛለች፣ እንደቆመች እየጎረሰች።