ለመስቀል የማይደለብ ባል

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶዶ

በማለዳ መናኸሪያ የተገኘሁት ለሽርሽር አይደለም። ነርስ ነኝ፤ የስኳር ሕሙማንን እከታተላለሁ። ቤሌ ውስጥ በሬ በማድለብ ስማቸው የሚጠራው አጎቴ አቶ ዳና ሁለት ቀጠሮ ቀሩብኝ። መጨረሻ ሳያቸው ሆዳቸው ቀንሶ፣ ስኳራቸው ወርዶ፣ የእግራቸው ቁስል መድረቅ ጀምሮ ነበር። ስደውል "ደህና ነኝ" ብለው ይዘጋሉ። ቁስሉ ቢያመረቅዝ እግራቸውን ሊያጡ ነው! እንቅልፍ ነሳኝና ተነሳሁ።

በመንገድ

ሚኒባሱ በሦስት ሰው ወንበር አራት ጠቀጠቀን። "ተጠጋጉ፣ ፍቅር ነው!" ይላል ረዳቱ። የእሱ ፍቅር እስከ ቤሌ ጉልበቴን አደነዘዘው። ዳሞታ ተራራ ከኋላችን ቀረ፤ ወደ ቆላው ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ግራና ቀኙ እንሰት፣ በቆሎ፣ ጎዳሬ ነው። አንዲት ሴት የሶዶውን ግማሽ በሚሆን ዋጋ ሙዝ በመስኮት አቀበለችኝ፤ ከጎኔ ላሉትም አካፈልኩ።

ቤሌ፣ ምሳ ሰዓት

አጎቴን ሳይ ክው አልኩ። ያ ሆድ ተመልሷል፤ እግራቸውም በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምሳው ቀረበ፤ ቆጮ፣ ሥጋ፣ ዳታ በርበሬ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከላዩ ቅቤ ያፈሳሉ።

"ኧረ እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ምን ላድርግ ልጄ? የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ሴቶቹ 'ዳና ከሳ፣ ያ በሽታ ያዘው እንዴ?' አሉኝ። አንዷማ 'ቤታችሁ የሚበላ ጠፋ ወይ?' አለች። ባሌ ከስቶ እኔ የምን ሚስት ነኝ? ያከሳው ክኒኑ መስሎኝ ክኒኑንም ቀጠሮውንም አስተውኩት።" እንባቸው መጣ።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንባቸውን ሳይ ዋጥኩት። በቅርቡ ሥልጠና ላይ የተማርኩትን አወጣሁ።

"ጋሼ፣ የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ሆርሞን የሚባል መልእክት ወደ ደም ይልካል። አንደኛው፣ ሌፕቲን፣ አንጎልን 'ጠግበናል' ይለዋል። ስቡ ሲበዛ መልእክቱም ይበዛና አንጎል መስማት ይተዋል።"

"ለዚህ ነዋ ጠግቤም የሚርበኝ!" አሉ አጎቴ።

"ሌላው አዲፖኔክቲን ነው። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም እንዲያነሳ ያግዘዋል። ሰው ሲወፍር ግን ይሄኛው ያንሳል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ቁስልም እንቢ ይላል። እርስዎ የከሱት ታመው ሳይሆን እየዳኑ ነበር።"

አጎቴ ደጅ ወደታሰረው ሰንጋ ዞሩ።

"አስቴር፣ ያንን በሬ ለምንድን ነው የምናደልበው?"

"ለመስቀል ነዋ።"

"እኔንስ ለየትኛው መስቀል ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬም በእንባቸው መሃል ሳቁና የቅቤውን ዕቃ ይዘው ጓዳ ገቡ። ቁስሉን ፈትቼ አጠብኩ፤ ተመስገን፣ አላመረቀዘም። የተቋረጠውን ክኒንም እዚያው አስጀመርኳቸው።

እሑድ፣ ወደ ቤት

እትዬ አስቴር እስከ መኪናው ሸኙኝ። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤታቸው አገኘችን። "አቶ ዳና እሰይ፣ ወዛቸው ተመለሰ! አማረባቸው!" አለች። እትዬ እጄን ጠበቅ አደረጉት።

"ገና ይከሳል!" አሉ ቀና ብለው። "እኔ ባሌን ለመስቀል አላደልብም!"

ሶዶ እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ተሳፋሪው ሁሉ ታዘበኝ። ስብ ለሰውነት መልእክት እንደሚልክ ሥልጠና ላይ ተምሬ ነበር። ክሳትም ለጎረቤት መልእክት እንደሚልክ ያስተማሩኝ ግን እትዬ ናቸው። ሰኞ ሥራ ስገባ የመጀመሪያውን በሽተኛ "ክብደት ቀንስ" ከማለቴ በፊት፣ "ባለቤትህ የታለች? ጥራት" አልኩት።