የረጅሙ ልጅ መርዶ

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ እኛ ሰፈር ጓሮ የሚባል ነገር ጠፋ። ጎመን የነበረበት ሁሉ ክፍል ተሠራበት። እኔም ከመርሳ ተድሬ የመጣሁበት ግቢ ውስጥ፣ ባሌ ሲሞት ክፍሎች አሠርቼ ለተማሪ ማከራየት ያዝኩ። ክረምት ላይ ተማሪ ሲበተን ባለሱቁ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል፤ ባለባጃጆቹም ጥላ ሥር ያንቀላፋሉ። ኑሯችን እነሱ ሆነዋል።

ከውጭ አገር ተማሪዎች መጡ ሲባል ግን አኮረፍኩ። ወላሂ፣ አማርኛ ከማይሰማ ሰው ጋር በምን ልግባባ? ደላላው ግን አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ ይዞብኝ መጣ፤ ካላጎነበሰ የቤቴ በር የማያስገባው ረጅም። ዓመት ሳይሞላው በወሎኛ ዜማ «አብሽሪ እትዬ» ይለኝ ጀመር። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት የቅሬውን ድንኳን ከጎረምሶቹ ጋር ይተክላል። ቅሬ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ነው። «አንተ ካለህ ምሰሶ ምን ያደርግልናል?» እያሉ ያሾፉበታል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ እናቴ ሞተች» አለኝ። መብራት ጠፋ እንደሚል ሰው!

«ማን ነገረህ?»

«እህቴ ደወለች። ተቀብራለች። መንገዱ ጦርነት ነው፣ መሄድ አልችልም።»

ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ። እህል አይቀምስ፣ እንባ የለው። ያመቀው ሐዘን ያሳብድብኛል ብዬ ፈራሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቅሬው አባት ሮጥኩ።

«መርዶውን ማን አረዳው?» አሉኝ።

«እህቱ፣ በስልክ።»

«በስልክ? ያ አላህ! መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? እንግዲያው ገና አልተነገረውም። ነገ ማለዳ እንነግረዋለን።»

«ኧረ አባባ፣ ልጁ ያውቃል እኮ! ያበዱ ይመስለዋል!»

«ይምሰለው» አሉና ሰው ሊጠሩ ተነሱ። በንዴት እያጉረመረምኩ ተመለስኩ። አባል አይደለም ብለው እንዳይከራከሩኝ ነበር የሰጋሁት፤ ይሄ ግን ከዚያም የባሰ መሰለኝ።

ማለዳ ግቢዬ ሞላ። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ልጁ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ትምህርት ሊሄድ በሩን ሲከፍት ክው አለ። አስቀመጡት። የቅሬው አባት እጁን ያዙና፣ «ልጄ፣ እናትህ አርፋለች» አሉት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «አውቃለሁ አባባ። ለእትዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«እሺ። ስሟ ማን ነበር?»

ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሴቶቹ ያንን ባዕድ ስም እየተኮላተፉ፣ አንዷ አሳጥራ፣ ሌላዋ አስረዝማ፣ «እመዋ፣ ልጅሽን ሳታዪው!» እያሉ ጠርተው አለቀሱላት። እኔ ራሴ አይቻት ለማላውቅ ሴት ደረቴን ደቃሁ።

ያኔ ያ ረጅም ልጅ እጥፍ ብሎ ወደቀ። በአገሩ ቋንቋ እየጮኸ ረጅም ነገር ይናገራል፤ አንዲት ቃል የገባው ሰው አልነበረም። የቅሬው አባት ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «አዎ ልጄ፣ እውነትህን ነው፣ አዎ» ይሉት ነበር።