ቀጭ ያላለው ቋሚ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ባቡር ሲዘገይ ከተቆጣጣሪው ጋር እከራከራለሁ። ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር ያለው ፎቃችን ሊፍት ሲበላሽ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጀርመኖቹ ሼፍ ለሚሉት ለአለቃዬም ቢሆን ያየሁትን ከመናገር ወደኋላ ብዬ አላውቅም። ሚስቴ «አፍህ ለከት የለውም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ምላሴ የተሳሰረው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ያ ዝምታዬም ሰው ሊገድል ምንም አልቀረውም ነበር።

የምሠራው ፍራንክፈርት ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ነው። ብርዱ ሲገባ ወለሉ ላይ በረዶ ይሠራበታል፤ ሰው ይንሸራተትበታል፣ ሆኪ ይጫወትበታል። አብዛኛውን ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አዳራሹ ለገበያ ወይም ለኮንሰርት ይከራያል። ያኔ በረዶው ይሸፈናል፤ ሜዳውን ዙሪያውን የከበበው ነጭ ሳንቃም ተነቅሎ መጋዘን ይገባል። ሰኞ ጠዋት መልሰን እንተክለዋለን። ጀርመኖቹ ባንደ ይሉታል። እኛ አጥሩ ነው የምንለው።

እኛ የምለው እኔንና ጋሼን ነው። ጋሼ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ፣ በዕድሜ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጡ ሰው ናቸው። አብረውን የሚሠሩት ፖላንዶችም ቱርኮችም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ ስማቸው ይመስላቸዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ታሪክ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያ ቀን ብሎን አጥብቅ ብባል ወደ ግራ አዞርኩት። «ታሪክ የተማረ ሰው ወደኋላ ነው የሚያዞረው» ብለው ሳቁብኝ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩት። ቀትር ሲሆን መጋዘኑ ውስጥ ከተደረደሩት ሳንቃዎች ጀርባ ካርቶን አንጥፈው ይሰግዳሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፎርክሊፍት እንዳይገባባቸው እጠብቃለሁ። እኔ ስጾም ደግሞ ማንም ቋሊማ ወደ ሳህኔ እንዳያስጠጋ እሳቸው ይጠብቁኛል። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሠርተናል።

ድሮ እያንዳንዱ የአጥሩ ቋሚ ብረት በአራት ብሎን ነበር ከሲሚንቶው ጋር የሚታሰረው። ቅዝቃዜው ጉልበትህ ውስጥ እየገባ፣ ተንበርክከህ አራት ጊዜ ታጠብቃለህ፤ ከዚያ ተነስተህ ቀጥሎ ያለው ጋ እንደገና ትንበረከካለህ። ቋሚዎቹ ሰማንያ ናቸው። ስምንት ሰው ሆነን ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር።

ታዲያ አንድ መስከረም አዲስ ዓይነት ቋሚ መጣ። ብሎን የለውም። ወለሉ ውስጥ ዙሪያውን የብረት ቀዳዳ ተቀበረ። ቋሚውን ቀዳዳው ውስጥ ትተክላለህ፣ ጉልበትህ ጋ ያለውን እጀታ ወደ ታች ትጫነዋለህ፤ ውስጡ ያለው ሽብልቅ ተከፍቶ ቀዳዳውን ይነክስና «ቀጭ» ይላል። አለቀ። ሊያሳየን የመጣው ሻጭ ወጣት ነው፤ በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ ውስጥ አሥር ቋሚ ተከለና ላብ እንኳ አልነካውም። «ቀጭ ካላለ አልተቆለፈም። ዋናው መስማት ነው» አለን። ለመለማመጃም አንድ ቀዳዳ ያለበት የሲሚንቶ ድንጋይ ትቶልን ሄደ።

«ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» አሉ ጋሼ፣ የድሮውን መፍቻ በኪሳቸው እየከተቱ።

ሼፉ ከእንግዲህ ለአጥሩ አራት ሰው ይበቃል አለ። የቀሩት የበረዶ ጫማ የሚከራይበት ባንኮኒ ይቆማሉ። አጥሩ ጋ ማን ይቀራል ብሎ ሳይጨርስ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ያ አንድ ወቅት ብቻ ነበር። ሼፉ ሽበታቸውን አየ፣ እኛን አየ፣ እሺ አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ «እዚህ ቤት የገባሁት ብረት ተሸክሜ ነው፤ ጫማ እያቀበልኩ አልወጣም» አሉኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ከፊታቸው ታየኝ።

ጥንድ ጥንድ ሆነን ዙሪያውን ለሁለት ተካፈልነው። ጋሼ ከፊት እየተከሉ ይቆልፋሉ፤ እኔ ከኋላ ሳንቃውን ቋሚዎቹ ላይ እሰቅላለሁ። ገና በመጀመሪያው ሰኞ ነው የሰማሁት። ወይም ያልሰማሁት። አንድ ቋሚ ቀጭ አላለም። እጀታው ወርዷል፤ ለሚያይ ሰው የተቆለፈ ይመስላል፤ ግን ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀርቷል። ጋሼ ወደሚቀጥለው አልፈዋል። የማቀዝቀዣው ሞተር ያጓራል። ከሰባት ቋሚ በኋላ ሌላም እንደዚያው ሆነ። ጆሯቸው ደክሞ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ምን ይባላል? «ጋሼ፣ አልሰሙም» ይባላል? ብሎን ወደ የት እንደሚዞር እጄን ይዞ ያሳየኝን ሰው? ይሉኝታ ያዘኝ። ባለፉበት እየሄድኩ በተረከዜ እጀታውን ረገጥ አደረግኩና ቀጭ አስባልኩት። በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኋላቸው እየረገጥኩ ዘለቅኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ቤቴ ስገባ በራሴ ኮርቻለሁ፤ ሽማግሌ የሚያከብር ሰው ነኝ ብዬ።

በአራተኛው ሰኞ በልጄ ትምህርት ቤት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረኝ፤ ጠዋቱን ፈቃድ ጠየቅኩ። በእኔ ቦታ አንድ ፖላንዳዊ ከጋሼ ጋር ይሠራል ተባለ። በዋዜማው እሁድ ከቀትር በኋላ ልነግራቸው ብዬ ስልክ ደወልኩላቸው። ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ የባለቤታቸውን ጉልበት ጠየቅኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ «በሉ ደኅና ይዋሉ» ብዬ ዘጋሁት። ያቺን ስልክ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ ከሰዓት ስገባ አማተር የሆኪ ተጫዋቾች እየተለማመዱ ነበር። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሚዛኑን ስቶ በጀርባው አጥሩን ገጨው። አንዱ ቋሚ ከቀዳዳው ተነቅሎ ሲዘል አየሁት። ሁለት ሳንቃ ወደ ውጭ፣ የተመልካች አግዳሚ ላይ ተዘረጋ። አግዳሚው ባዶ ነበር። ሳንቃውን ስናነሳ ግን ከሥሩ የተጨፈለቀ የሕፃን ጡጦ ወጣ። ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እዚያ ተቀምጣ ነበር፤ ሽንት ጨርቅ ልትቀይርለት መነሳቷ ነው ያተረፋት። ገጪው ሰውዬ ትከሻውን እያሸ ይቅርታ ይጠይቀናል፣ እሱ እኛን!

ሼፉ መጣ፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ይህን ወገን ማን ነው የተከለው አለ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡና «እኔ ነኝ» አሉ። ሼፉ አልጮኸም። ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ጋ ናቸው አለ። ጋሼ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቅ እንደነበር፣ ከኋላቸው እየረገጥኩ እዘጋ እንደነበር፣ ለእሳቸውም ለማንም እንዳልተናገርኩ፣ የሚነሳ ሰው ካለ መነሳት ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ በጀርመንኛ ተናገርኩ። ሼፉ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። ጋሼ ግን እኔን አላዩኝም። ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ከሥራ ስንወጣ እስከ ባንሆፍ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ሁልጊዜ አብረን ነን፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ሰፈራቸው ዞሰንሃይም፣ እኔ ወደ ቤቴ። የዚያን ዕለት ከፊቴ ሄዱ። ሮጬ ባቡር መሳፈሪያው መድረክ ላይ ደረስኩባቸው። ባቡራቸው መጣና ሄደ፤ አልገቡም።

«ሓወይ» አሉኝ በመጨረሻ። ሲያዝኑ «ወንድሜ» የሚሉት በትግርኛ ነው። «ጆሮዬ እንደደከመ ታውቅ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ልጄ ቴሌቪዥኑን ‘ላይዘር፣ ፓፓ’ እያለች በየቀኑ ታስቀንሰኛለች። ደበቅኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ግን እጄ የሠራውን ሥራ አልጠረጠርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥሩ እንዳልቆመ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ።»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንን ሕፃን ገድዬ ቢሆን ምን ልትለኝ ነበር? ‘ስላከበርኩዎት ነው’ ልትለኝ?»

አለቀስኩ። ሰው በሞላበት መድረክ ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ። ጋሼ መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝና እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ነገ ሼፉን አንድ ሳምንት እለምነዋለሁ። ከሰጠኝ ታለማምደኛለህ። ስሳሳት ሰው ፊት ጩኽብኝ። በጆሮዬ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ይኖረዋል።»

ሼፉ ሰጣቸው። የሚቀጥለው ሰኞ እሳቸው የሚተክሉትን ሃያ ቋሚ እያንዳንዱን በብረት ዘንግ ሽቅብ ሊነቀንቅ ተስማሙ፤ አንድ እንኳ ከተነቃነቀ ወደ ባንኮኒው ይሄዳሉ። እስከዚያ አጥሩን አይነኩም።

ሳምንቱን በየምሳ ሰዓቱ መጋዘን ገባን። ሻጩ በተወው ድንጋይ ላይ ጋሼ ይተክላሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ይነቅላሉ። መጀመሪያ የማይሆን ነበር። ከአሥሩ ሦስቱ አይቆለፉም። «አልተቆለፈም ጋሼ» አልኩ በለሆሳስ። «አልሰማሁህም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። «አልተቆለፈም ጋሼ! ይድገሙት!» ብዬ ስጮህ መጋዘኑ አስተጋባ፤ የፎርክሊፍቱ ሹፌር ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌን በአንቱታ እየጮሁ መቆጣት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያላደረገው አያውቀውም።

በሁለተኛው ቀን ጓንታቸውን አወለቁ። ግራ መዳፋቸውን ቋሚው ላይ አሳርፈው በቀኝ እጃቸው እጀታውን ተጫኑ። ቀጭ ሲል ዓይናቸው ፈጠጠ። «እጄ ውስጥ ነው የሚለው!» አሉ። ብረቱ ሲነክስ መዳፋቸውን መታ ያደርጋቸዋል ለካ። እኔ ደግሞ ክፍተቱን አስታወስኩና ከእጀታው ሥር ትንሿን ጣት መክተት አሳየኋቸው፤ ከገባች ክፍት ነው፣ ካልገባች ተቆልፏል። ከዚያ በኋላ በመዳፍ፣ ከዚያም በጣት። አንድ መቶ ጊዜ ይሁን ሁለት መቶ አልቆጠርንም። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ መዳፋቸው ተሰነጣጠቀ፤ ቫዝሊን ቀብተው ቀጠሉ። ሐሙስ ዕለት «ይበቃል፣ ትንሽ ይረፉ» ብላቸው «ጡረታ ስወጣ አርፋለሁ» አሉኝ። ለጆሯቸውም ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ያዙ፤ የተሰጣቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። «እስከዚያ እጄ ይሰማል» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሼፉ ዘንጉን ይዞ ቆመ። ጋሼ በባዶ እጃቸው ጀመሩ። እኔ አንድም ቃል እንዳልናገር ተከልክያለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ ቀጭ አላለም። ሰማሁ፣ አለማለቱን። ጥርሴን ነከስኩ። ጋሼ መዳፋቸውን አላነሱም፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ትንሿን ጣታቸውን ከተቱ፣ ገባች። እጀታውን መልሰው ከፍተው በቀዳዳው ጠርዝ የነበረውን የበረዶ ፍርፋሪ በጥፍራቸው ጠረጉና እንደገና ተጫኑ። ቀጭ። ሼፉ ሃያውንም በዘንጉ ነቀነቀ። የተነቃነቀ የለም። «ጉት»፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፣ ብሎ ሄደ። ጋሼ ቋሚውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ክረምቱን እንዲህ ተሻገርነው። የጆሮ መሣሪያውም መጣ፤ ጋሼ ግን አጥሩ ጋ ሲሆኑ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። «የሞተሩን ጩኸት ነው የሚያመጣልኝ» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ተተክሎ ሲያልቅ ሰማንያውን ቋሚ በጣታቸው እየፈተሹ አንድ ዙር ይዞራሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

የመጨረሻ ቀናቸው መጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ ላይ ዋለ። ሼፉ ኬክ አስመጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። ሠራተኛው ሁሉ ከበበ፤ ባለቤታቸውና ልጃቸውም መጥተዋል። ያን ጠዋት እሳቸው እንግዳ እንዲቀበሉ ብዬ የእኛን ወገን ብቻዬን ነበር የተከልኩት፤ ቸኩዬም ነበር። ጋሼ ግን ኬኩን ትተው ዙራቸውን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ኬኩን ሳይቆርስ ይጠብቃቸዋል። ግማሽ ሜዳውን ዞረው አንድ ቋሚ ጋ ቆሙ፤ ጣታቸውን ከተቱ።

«ይሄ አልተቆለፈም!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየ። «ማን ነው የተከለው?»

ማን እንደተከለው ያውቃሉ። ፊቴ ጋለ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

«ና ድገመው።»

ሰው ሁሉ እያየኝ በረዶውን ዞሬ ሄድኩ። ጓንቴን አውልቄ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፣ እጀታውን ተጫንኩት። መታ አደረገኝ።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ ጋሼ።»

ጣታቸውን ከተቱ፤ አልገባችም። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ቋሚ አለፉ።