ለአሮጊቷ የተያዘ ዕድሜ

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ሚስቱ «ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» እያለች ትስቅበታለች። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው ዕረፍት የነሳው። የአሮጌ ሕንፃ መስኮት፣ ጣሪያ ወይም ማሞቂያ ሊታደስ ሲታሰብ የሚጠራው እሱ ነው። የዕቃውን መግዣ ብቻ አያይም፤ ተገጥሞ እስኪጣል ድረስ የሚበላውን መብራትና ጥገና ሁሉ ይደምራል። «ርካሽ ነገር የሚወደደው ቤት ከገባ በኋላ ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ምሳ ላይም ይህንኑ ሲያወራ ማን ይችለዋል!

ዘንድሮ የደረሰው ሕንፃ እናቱ የምትኖርበት ሆነና ጉድ ፈላ። የእሷ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶም መጋረጃው ይወዛወዛል። ነዋሪዎቹ ሕንፃውን «አሮጊቷ» ይሉታል። ጣጣው ያለው አሮጊቷ ገና ስንት ዓመት ትቆማለች የሚለው ላይ ነው። ረጅም ዕድሜ ከተያዘላት አዲሱ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ወጪውን ይመልሳል፤ አጭር ከተያዘላት ስንጥቁን ደፍኖ ማለፍ ያዋጣል። ትክክሉ ረጅሙ ነበር። እሱ ግን «ለእናቱ አደላ» እንዳይባል ፈራ፤ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፣ እንዲህ ሲያመነታ ወራት አለፉ፤ ክረምቱም ተቃረበ።

በመጨረሻ እናቱ ቤት ሆኖ፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተመላለሰ ለነዋሪዎቹ ሰብሳቢ ደወለ። እናቱ ወጥ ቤት ነበረች።

«በቃ፣ ለአሮጊቷ አሥር ዓመት ያዝላት» አለ። «ከዚያ በላይ ብንሰጣት ሰው ያማናል።»

እናቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«አሥር ዓመት? ቸር ነህ ልጄ! ሐኪሙ እንኳ ክረምቱን ከዘለቅሽ ነው ያለኝ።»

«ኧረ እማዬ፣ እኔ ስለ ሕንፃው...» ሊስቅ ጀምሮ ወደ እሷ ዞረ። «የቱ ሐኪም?»

እናቱ አፏን ያዘች። «ወይ ምላሴ! እኔ ደግሞ ሰምቶ ነው ብዬ...»

ሰብሳቢው በስልኩ ውስጥ «ሃሎ? አሥር ብዬ ልያዘው?» ይላል።

«ሠላሳ በል» አለው። «ትክክሉ ሠላሳ ነው። የሚያማ ይማ!»

ስልኩን ወርውሮ እናቱን አቀፋት፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ጀርባውን ዳበሰችው።

«ታዲያ መስኮቱ ለክረምት ይደርስልኛል?» አለችው።

ሊዋሻት ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም።

«አይደርስም» አላት።