ማንን ትመስላለች?

«አባቷን ነው የምትመስለው!» አልኩ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ዛሬ ጸጸራት ሰፈር ባለው ቤታችን የአራስ ገንፎ፣ ገዓት፣ ነበር። ልጄ ሰናይት ወልዳ፣ ከጎረቤቶች ጋር ገንፎውን ከበን ተቀምጠን ሳለ፣ ሕፃኗን ያቀፉት ጎረቤታችን አደይ ለተ «እስቲ ማንን ነው...» ሲሉ አፌ ቀደመኝ።

የስንት ዓመት ልማድ እኮ ነው።

አገራችን ነጻነቷን ባገኘች በጥቂት ዓመት ውስጥ እኔና ባለቤቴ ልጅ ፍለጋ ሮማ ሄድን። ሐኪሞቹ በእኔ እንቁላል እንደማልወልድ ነገሩን፤ ስሟን የማላውቃት ሴት የራሷን ሰጠችኝ። ሰናይትን አርግዤ ተመለስኩ። ለሰፈሩ ግን «ለሕክምና ነው የሄድነው» ብቻ አልን።

ያኔም ገዓት ተበላ፤ ያኔም «ማንን ትመስላለች?» ተባለ። እኔም ዓይኗንና አፍንጫዋን ከእኔ ጋር ማስተያየት ሳይጀምሩ «አባቷን!» እላለሁ። (ባለቤቴማ ደጋግሞ ሲሰማው ቆንጆ የሆነ መስሎት ነበር።)

ዛሬ ሰናይት አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀችብኝ። እውነቱን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነግሬያታለሁ።

«ኣይኮነን፣ አይደለም ማማ» አለች። «ይቺስ አንቺን ነው የምትመስለው።»

አደይ ለተ ሕፃኗን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና «ሓቂ! እውነት ነው፣ ግንባሯ ቁርጥ የአያቷ!» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

እኔም ሳላስበው ግንባሬን ዳሰስኩ።

እናንተስ፣ ይሄ ጥያቄ ሲመጣ አፋችሁ የሚቀድማችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ይህን ጻፊው ያለችኝ ሰናይት ናት።