መጨረሻ የምትጠራዋ

ነፍሰ ጡሮቹ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ጫፍ የተቀመጠችው ሴት በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባዋለች። ቀሚሷ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ሆዷ ሲገፋ ጎኑን በሌላ ጨርቅ ያሰፋችው በገዛ እጇ ነው። አጠገቧ ተራዋን የምትጠብቀው ልብስ ሰፊ ስፌቱን አየችና፣ "እጅሽ ይባረክ፣ አሳምረሽዋል" አለቻት። ሴትየዋ ፈገግ ስትል አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

ከእሷ ኋላ የመጡት እየቀደሟት ገቡ። በመጨረሻ አዋላጇ ብቅ አለችና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ ሱሰኛ! ያንን የዕፅ መርፌ ሳትጥዪ አትምጪ አላልኩሽም?" አለቻት።

የሁሉም ዓይን እጅጌዋ ላይ አረፈ። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

"ባንዴ ብተወው ልጁ ይጎዳል ተብያለሁ፣ ሲስተር። እናንተ እየተከታተላችሁኝ በመድኃኒት ልተው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ለልጁ ብታስቢ መች ትወጊው ነበር?" አዋላጇ በሩን ዘጋችው።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። የታመመ ሰው ድነህ ና ይባላል እንዴ? ታዲያ ሐኪም ቤቱ ለማን ተሠራ?

"ተነሺ እህቴ! እዚህ ከምትዋረጂ ሌላ ቦታ እንሞክር።"

ሴትየዋ አልተነቃነቀችም። "በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ እንደዚህ ሲሰድቡኝ ተነስቼ ሄድኩ። ቤቴ ብቻዬን ወለድኩት፤ ሳያለቅስ ቀረ። ዛሬ አልነሳም።"

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሆድ ደግፋ ተነሳችና የተዘጋውን በር በጡጫዋ ትደበድበው ጀመር።